እርፍ የማያውቁት ባለቤቴ

ባለቤቴ ገበሬ ነበሩ፤ እንጨት ጠራቢነቱን ራሳቸው ናቸው ለራሳቸው የሾሙት። ከጓሯችን ባለችው ጎጆ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ መሮና አንድ የደነዘ ቢላዋ ይዘው የቡሬን ዋንዛ ፈጁት። በርጩማ ሲሠሩ ሦስቱ እግሮች እርስ በርስ አይስማሙም። እንግዳ ሲመጣ እኔ መደቡ ላይ እንዲቀመጥ እለምናለሁ፣ እሳቸው በርጩማ ያቀርባሉ። እንግዳው ሲንገዳገድ፣ «ወለሉ ነው» ይላሉ። ወለሉን የለቀለቅሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታያችሁ።

ጣሊያን ቡሬን ይዞ ሳለ፣ ጫካ የገባው ወንድሜ የምንሽር ጠመንጃው ሰደፍ ተሰብሮበት፣ ያን ትከሻ ላይ የሚያርፈውን እንጨት እንዲሠሩለት ላከባቸው። ለአርበኛ ሰደፍ ሲሠራ የተገኘ ይሰቀላል። እያወቁ እሺ አሉ፤ እኔም ወንድሜ ነውና አፌን ያዝሁ። ደግሞስ በርጩማ ያቃተው ሰው ሰደፍ ይሠራል ብዬ መቼ ሰጋሁ። ጉድ ነው፣ ሠሩት። በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው ፍቀው እጅ የማይጠግበው ነገር አደረጉት። ኮራሁባቸው፤ አልነገርኋቸውም እንጂ።

ልንልከው ስንል ባንዶች ለፍተሻ መጡ። አለቃቸው የአገራችን ሰው፣ ትናንት በሬ ጠምዶ ሲያርስ የነበረ ነው። ጎጆዋ ገብቶ ሰደፉን አነሣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ባለቤቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኋቸው።

«እርፍ ነው» አልሁ እኔ። ገበሬ ሲያርስ የሚጨብጠውን የሞፈር እጀታ ማለቴ ነው።

«እርፍ ጠፍቶኝ ነው የምታታልይኝ? እርፍ እንዲህ ይወፍራል?»

«እርስዎማ ያውቃሉ ጌታዬ። የማያውቁት እኒህ ናቸው» አልሁና በርጩማ አቀረብሁለት። ተቀመጠ፣ ከነጫማው ወደ ጎን ተደፋ። ተከታዮቹ ሳቁ፤ ደግነቱ እሱም ሳቀ።

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ነቁ። የጎጃም ገበሬን ዘሩን ቢሰድቡት ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ እርፍ አያውቅም ካሉት ግን ማን ያስታርቀዋል።

«እኔ ነኝ እርፍ የማላውቀው?» ብለው ጀመሩ። ሞት ደጃቸው ቆሞ እሳቸው ስማቸውን ያስከብራሉ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የተባለው ለሌላ ሰው ነው መሰለኝ። እግራቸውን በተረከዜ ረገጥኋቸው።

«ይኸው፣ እኔንም እንዲህ ነው የሚቆጡኝ» አልሁት ባንዳውን።

አዘነላቸው። መጥረቢያውን አነሣና፣ «ይዩ አባቴ፣ እርፍ እንዲህ ነው» እያለ ያን ያማረ ሰደፍ ከግራ ከቀኝ ይጠርበው ጀመር። ለማስተማር ነው መቼም፣ ደግ ሰው። ፍላጩ በበረረ ቁጥር ባለቤቴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ትንሽ አጠረ እንጂ ይሆናል» ብሎ አስጨበጣቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም።

ሲሄዱልን ባለቤቴ አኮረፉኝ። እራት ባቀርብ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ደግሞ ወጡን ሁለት ጊዜ ደፋሁት። ቆይተው፣

«ያ ሰደፍ ግን እንዴት ያምር ነበር» አሉ።

«አንገትዎ ይበልጣል» አልኋቸውና ልቅሶዬን ለቀቅሁት።