እየዞረ የጨለመው ዲናሞ

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ አንድ የዲናሞ መጠገኛ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሙያዬም ሽመና። ያስገቡኝ ጎረቤታችን ጋሽ ሽኩር ናቸው፤ የቤቱን ትልቁን ዲናሞ የሚያስነሱትና ዘይት የሚያጠጡት እሳቸው ነበሩ። «ይሄ ሰው ክር አይበጠስበትም» ብለው ለአለቃው ነገሩልኝ። አለቃው ሲኞር ካርሎ እጄን ገልብጦ አየና አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ሰጠኝ። በተሰባበረ አማርኛ «ጠምጥም» አለኝ።

ጠመጠምኩ። እንዴት አድርጌ! ዙሩ ከዙሩ ሳይነባበር፣ ሽቦው ሳይላላ፣ ሳይጨማደድ። ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ሽቦውን በመጠምጠሚያው ጫፍ ባለችው ካስማ አዙሬ ወደመጣሁበት መለስኩት፤ የቀረውን ግማሽ በተቃራኒው ጠመጠምኩ። ድር ሲደራ ክሩ ካስማው ጋ ደርሶ ይመለሳል። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነበር፤ ማንም ሌላ ነገር አልነገረኝም።

ሲኞር ካርሎ ሥራዬን አገላብጦ አየና «ቤላ» አለ። ቆንጆ ማለቱ ነው። ከዚያ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከባትሪ ጋር አገናኘና አጠገቡ ኮምፓስ አስቀመጠ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

ከዚያ ግማሹን ፈትቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስጠመጠመኝና ባትሪውን ነካ አደረገው። መርፌዋ ዘለለች! ማንም ሳይነካት፣ ንፋስ ሳይነፍስ፣ ዞር ብላ ጥቅሉን ተመለከተች። ሲኞር ካርሎ በጣቱ አየር ላይ እየጻፈ አስረዳኝ። ኤሌትሪክ በሽቦው ውስጥ ሲዞር ጥቅሉን ማግኔት ያደርገዋል፤ እኔ ግን ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ ስላዞርኩት አንዱ የሠራውን ሌላው አፈረሰው። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽመናዬ ያኔ ነው ያበቃው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት የሚባል ነገር አላውቅም። ኮምፓሱን ተውሼ ያገኘሁትን ብረት ሁሉ ስፈትሽ እውላለሁ፤ አካፋ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የሲኞር ካርሎን የቆመ መኪና። ሚስማር የሽቦ ጥቅል ውስጥ ከትቼ ጥቅሉን ባትሪ ካስነካሁ፣ ሚስማሩ ከወጣም በኋላ የብረት ብናኝ ይዞ እንደሚቀር አየሁ። ጓደኞቼ «ይሄ ሰው ለየለት» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

አንድ ቀን የቆመውን ትልቁን ዲናሞ ብፈትሸው የመርፌዋ ቀይ ጫፍ ተገፋ፤ ተራ ብረት ግን ይስባል እንጂ አይገፋም። ጋሽ ሽኩርን ጠየቅኳቸው።

«ሲቆም ሁሉም አይጠፋም» አሉኝ። «ብረቱ ትንሽ ማግኔት ያስቀራል። ጠዋት ሳዞረው እሷ ትንሽ ኤሌትሪክ ትሰጣለች፣ ኤሌትሪኩ ማግኔቱን ያበረታዋል፣ የበረታው ማግኔት ደግሞ ተጨማሪ ኤሌትሪክ ይሰጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ መብራት ይሆናል። ያቺ ትንሿ ከሌለች ግን ብታዞረው ብታዞረው ዝም ነው።»

«አይተው ያውቃሉ?»

«ወላሂ አላየሁም። ስሰማ ነው።»

ያ ዲናሞ ከመንገዱ ማዶ ላለው የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት መብራት የሚሰጥ ነው። አንድ ማክሰኞ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ጮኸና ለመቀየር ፈታነው። ጥቅሎቹን የያዘው ብረት ከቀፎው አልላቀቅ አለ። ሲኞር ካርሎ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ትልቁን መዶሻ አንስቶ ብረቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። ብረቱ ተላቀቀ፣ ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ሁሉም ቦታው ተመለሰ።

በማግስቱ ጋሽ ሽኩር አስነሱት። ዲናሞው በደንብ ዞረ። አምፖል ግን አልበራም። ፍጥነት ጨመሩ፤ ምንም። ግምጃ ቤቱ ጨለመ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ መኮንን ከሁለት ወታደርና ከአስተርጓሚ ጋር መጣ።

«ያስነሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ሲኞር ካርሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። የተቆረጠ የለም፤ የተቃጠለ የለም። ትከሻውን ነቀነቀና ለመኮንኑ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሰው ነው ያበላሸው እያለ ነው» አለን። ጋሽ ሽኩርን እጃቸውን ወደ ኋላ አስረው ወሰዷቸው። በነጋታው ወደ ከተማ እንደሚልኳቸው ሰማን። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተጠርጥሮ ወደ ከተማ የተላከ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ኮምፓሱን ዲናሞው ላይ አስጠጋሁ። ያኔ የመርፌዋን ቀይ ጫፍ የገፋው ብረት አሁን ቀዩንም ነጩንም እኩል ይስባል። እንደ ማንኛውም ብረት! ሲኞር ካርሎ ሲገባ ጠብቄ ያዝኩት።

«ሲኞር! ማግኔቱ ጠፍቷል!»

«አንተ ሸማኔ፣ ሥራህን ሥራ።»

«ባትሪ ይስጡኝ። ካልሠራ እኔንም ይላኩኝ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። አፌ ቀድሞኝ ነው። ባትሪውን ሰጠኝ። በዲናሞው ጥቅሎች ላይ አስነክቼ እስከ አስር ቆጠርኩና አነሳሁት። ኮምፓሱን አስጠጋሁ፤ መርፌዋ ተገፋች። አስነሳነው። አምፖሉ ውስጥ ያለችው ክር መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ዓይን እስክትወጋ ነጣች። ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

መኮንኑ መብራቱን አይቶ መጣ፤ ሲኞር ካርሎ የሆነውን ነገረው። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው ማግኔቱን ያጠፋው ያ የታሰረው ሰው ነው» አለ በአስተርጓሚው።

ለካ ሥራው አላለቀም! የማክሰኞው መዶሻ ትዝ አለኝ። ሮጬ ሚስማር አመጣሁ። ጥቅል ውስጥ ከተትኩት፣ ባትሪ አስነካሁት፣ ብናኝ ውስጥ ነክሬ አወጣሁት፤ ጢም አብቅሎ ወጣ። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ሚስማሩን ጠርጌ ብረት ላይ አስተኛሁትና በመዶሻ ደጋግሜ መታሁት። እንደገና ነከርኩት። ብናኝ ሳይዝ ራቁቱን ወጣ። «የመዶሻ ምት ማግኔት ያጠፋል» አልኩ።

መኮንኑ ሚስማሩን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ሁላችንንም እያየ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ተረጎመ። «ዲናሞውን በመዶሻ የመታው ማን ነው?»

እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ። ያን ስም ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም፤ ፈራሁ፣ ይኸው ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ሲኞር ካርሎ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። በአማርኛ ነው ያለው፤ ከዚያ በራሱ ቋንቋ ደገመው። በክፉም በደግም ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ይህችን አልዘልላትም።

ጋሽ ሽኩርን ከቀትር በኋላ ለቀቋቸው። የእጃቸው አንጓ አብጧል። ወደ ቤትዎ ይሂዱ ብንላቸው እንቢ ብለው መጀመሪያ ወደ ዲናሞው መጡ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እየተጣደፍኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሚስማሩን እያሳየሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው ያደርኩት» አሉ። «ሊነጋ ሲል እውነትም አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር። ጠዋት ቢጠይቁኝ አዎ ልላቸው ነበር።»

እናንተ ዛሬ የምትጠመጥሙ ልጆች፣ ዲናሞ እየዞረ መብራት ካልሰጠ መጀመሪያ ብረቱ ውስጥ የቀረውን ማግኔት ለኩ። ስለ ሰው የምትናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።