ልጄ ሲጫወት ጎንተል አድርጊኝ

ያን ዕለት ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። የግቢያችን ሣር ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቶ፣ በባልዲ ባደረው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ረግቶ አገኘሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፤ ግን ታበራለች እንጂ አትሞቅም። ረፋዱ ላይ ደግሞ ያ ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ጎረቤቴ የውብዳር ነጠላዋን ጠምጥማ፣ ጋቢ ደርባ መጣችና ደጄ ላይ ቆመች።

«አዲስዓለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።»

«ምን?» አልኳት ፊቴን ወደ እሷ መልሼ። ፊቴን ካላየች አትሰማኝም።

«ዛሬ አጠገቤ ተቀመጪ። ይሁኔ ሲጫወት በክርንሽ ጎንተል አድርጊኝ። የቱ ጋ እንዳማረ ደግሞ በኋላ ንገሪኝ። ሲጠይቀኝ የምለው እንዳላጣ።»

ይሁኔ አንድ ልጇ ነው። ከአዲስ አበባ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ በከተማው አዳራሽ ሊጫወት ነበር። እናቱ ልጇ ሙዚቀኛ ከሆነ ወዲህ አንድም ቀን ሲጫወት ሰምታው አታውቅም። አሁን ሊመጣ ሲል ደግሞ ጆሮዋ ሄዷል። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

እኔና የውብዳር የተዋወቅነው ከበሬሳ ወንዝ ማዶ በነበረች፣ አሁን በተዘጋች አንዲት የሽመና ፋብሪካ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ነው የገባሁት፤ እሷ ልጅ አዝላ። ባሏ ለሥራ ወደ አረርቲ እንደወረደ እዚያው ሌላ ትዳር ይዞ ቀርቶባታል። እኔን ጨርቅ ማጠፍ ላይ መደቡኝ፣ እሷን ማሽኖቹ ላይ። ማሽኖቹ ሲነሡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ በጆሮሽ ቢጮሁብሽ አትሰሚም። ስለዚህ እዚያ ክፍል ያሉት ሴቶች በከንፈር ማውራት ተማሩ። ሐሜቱ፣ ቀልዱ፣ እርግማኑ ሁሉ ያለ ድምፅ ነው። አለቃቸውን ፊት ለፊቱ ይሰድቡት ነበር፤ እሱም ሰላምታ መስሎት ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ ማሽን ይሁኔን አሳደገችው፣ በዚያው አስተማረችው።

መጀመሪያ የጠፋባት የወፍ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የስልክ ጥሪ። አንድ ዓመት በጥምቀት ታቦቱን አጅበን ስንሄድ፣ «ካህናቱ ዘንድሮ ጸናጽሉን ተዉት እንዴ?» አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁሉም ጸናጽል ይዘዋል፣ ይንሿሿል። «አይሰማሽም?» አልኳት። «ከበሮው ይሰማኛል» አለች። ከዚያ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። «ለይሁኔ እንዳትነግሪው። በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ያን ሳጥኑን ይጥለዋል።»

ሳጥኑ የቪዮላው ነው። ይሁኔ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ቫዮሊን ነበር የፈለገው። ክንድህ ረጅም ነው፣ ደግሞም የሚማረው ሰው ጠፍቷል ብለው ቪዮላ ሰጡት። እንደ ቫዮሊን ሆና ትንሽ ተለቅ ያለች፣ ድምጿም ወፈር ያለ ነው። አንዴ ቤቴ ተቀምጦ፣ «ቪዮላ እኮ እትዬ አዲስ፣ ሲኖር አይሰማም፤ ሲጎድል ነው የሚታወቀው» አለኝ።

«እንደ ጨው በለኛ።»

«ጨውስ ሲበዛም ይታወቃል» ብሎ ሳቀ።

በዋዜማው ማታ ግን አልሳቀም። ጓደኛው የስልክ ጥገና ሱቅ አብረን እንክፈት ብሎታል። «ሰው ሁሉ ፊት የሚቀመጠውን ነው የሚያየውም የሚሰማውም፤ ደክሞኛል» አለኝ። «እማዬ አንድ ቀን ትስማኝ። እሷም ካልሰማችኝ በቃ፣ ሱቁን እከፍታለሁ።» እሷ ሌላ ክፍል ነበረች። እንግዲህ በማግሥቱ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው ክርኔን ላበድር የሄድኩት።

ወንድሟ ካሴ ደግሞ ከአንኮበር ገጠር መጥቶ አብሮን ሄደ። ገበሬ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ዱላውን ከእጁ አይለይም። በር ላይ ጥበቃው ያዘው።

«አባቴ፣ ዱላ አይገባም።»

ካሴ በበሩ አሻግሮ አየ። አራቱ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውንና እንደ ዘንግ ቀጭን መምቻቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ይወጣሉ። «እነዚያስ ዱላ ይዘው ገብተው የለም እንዴ?» አለ። ጥበቃው ሳቀ፤ ዱላውን ግን ተቀበለው።

አዳራሹ ይበርዳል። መድረኩ ላይ አራት ወንበር በግማሽ ክብ ተቀምጧል፤ ማይክሮፎን የለም፣ ኪቦርድ የለም፣ ከበሮ የለም። ፊት ለፊት መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ቫዮሊን ይዞ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ እሷም ቫዮሊን ይዛለች። ከዚያ የኛ ይሁኔ። ዳር ላይ ፀጉሩ የነጣ ፈረንጅ ያን ትልቁን፣ ቼሎ የሚሉትን፣ በጉልበቶቹ መካከል አቆመ። ጣቶቻቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። አንዲት ሴት ወጥታ የሚጫወቱት ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተደረሰ ነው፣ ያኔም ሰው እቤቱ ተሰብስቦ ይሰማው የነበረ ነው አለች። የደራሲዎቹን ስም ጠርታለች፤ አልያዝኩትም።

ጀመሩ። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፣ ይጫወታል፣ ይሯሯጣል። የይሁኔን ድምፅ ፈለግሁ። አራቱም እጆች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ የቱ ድምፅ ከየትኛው እጅ እንደሚመጣ ጠፋኝ። ከሁሉ በላይ የሚሰማኝ የመነጽራሙ ነው። ቢሆንም የለመነችኝን ላድርግ ብዬ ጎንተል አደረግኋት። ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። ነቀነቀች።

ካሴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ዘፋኙ የታለ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ድንገት አቆሙ። ጸጥ አለ። ማንም አላጨበጨበም፣ መግቢያው ነው ብለን። «አሁን ሊገባ ነው» አለ ካሴ። ከኋላችን አንዱ፣ «መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» አለና ሳቅ ሆነ። ማንም አልገባም። አራቱ እንደገና ጀመሩ። እንደዚያ እየቆሙ እየጀመሩ ያን ጨረሱት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዘፋኝ ሲጠብቅ ነው ያለቀው፤ ጭብጨባውም የጠባቂ ሰው ጭብጨባ ነበር።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው።

በጣም ቀስ ብሎ ተነሣ። ድምፅ መሆኑንም መጀመሪያ አላወቅሁም፤ ነፋሱ በመስኮቱ የገባ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትልቁ ከሥር መጣ፣ በላዩ ሌላው ተደረበ፣ በዚያ ላይ ሌላው። አንኮበር አፋፍ ላይ ቆመሽ ጉሙ ከቆላው ሲወጣ አይተሽ እንደሆነ፣ እንደዚያ ነው። መንደሩ ይጠፋል፣ ዛፉ ይጠፋል፣ መጨረሻ እግርሽም ይጠፋል፤ ግን አትፈሪም። መነጽራሙ ከሁሉም በላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ክር ሲቀጥን ይበጠሳል ብለሽ ትንፋሽሽን እንደምትይዢ ያዝኩ። አልተበጠሰም። እዚያ ላይ ቆሞ ቀረ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው አይሳልም፣ ወንበር አይንቋቋም። ካሴ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ዘፋኙን የሚጠይቅ አልነበረም።

አራት ሰው፣ እንጨትና የፈረስ ጭራ። ይህን ያህል ዘመን በዚህ ዓለም ስኖር እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የነገረኝ የለም። ማን ይነግረኛል? ግን ነበረ። እኔ ጨርቅ ሳጥፍም ነበረ።

የተለመንኩትን አስታወስኩና ደንግጬ ጎንተል አደረግኋት። የውብዳር ክርኔን በመዳፏ ያዘችና ቀስ አድርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። እሷ የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ ሰው እያለ ዓይኗን ስትጨፍን አይቻት አላውቅም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሟት ይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ ግን ፊቷ ላይ ሕመም አልነበረም።

ሲያልቅ አንዲት ሴት እልል አለች፣ አዳራሹ ተከተላት፣ ሰው ሁሉ ተነሣ። የውብዳር እልልታውን አልሰማችም፤ እኔ ስነሣ ነው ዓይኗን ገልጣ የተነሣችው።

ውጭ ወጥተን ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ሥር ቆምን። ይሁኔ ሳጥኑን አንግቶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ፣ ሰማሽኝ?»

ቶሎ ብዬ፣ «እንዴት አትሰማህም! ያ መጨረሻው ላይማ...» ማለት ስጀምር የውብዳር በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረች። ወፍራም፣ ዝግ ያለ ዜማ ነው፤ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ያመነታል፣ እንደገና ይነሣል። እኔ ያን ዜማ አዳራሹ ውስጥ አልሰማሁትም። ሌላ ቦታ የሰማችው ነው ብዬ ተሳቀቅሁላት።

ይሁኔ ግን ሳጥኑን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይህ እኮ የእኔ ነው» አለ። «እማዬ፣ ይህ የቪዮላው ነው። ይህን ማንም አያንጎራጉረውም።»

«ታዲያ ሌላ ማን ሲጫወት ነበር?» አለች። «አንተና ሽማግሌው ናችሁ ሥራውን የሠራችሁት። ልጅቷም ደህና ናት። ያ መነጽር ያደረገው ልጅ ግን ምን ሆኖ ነው? አሳዘነኝ። ሲጀምር ይሰማል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ክሩ ይበጠስበታል መሰለኝ፣ እጁ ብቻ ይሮጣል፣ ድምፅ የለም። እንዳያፍር ብላችሁ ዝም አላችሁት፣ አይደል? ደግ አደረጋችሁ።»

ካሴ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ይሁኔ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። መሬት መሬቱን አየሁ። ቀና ስል፣ እናቱ እንዳትሰማ ብሎ ድምፁን ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከፋብሪካው ጊዜ ጀምሮ» አለችው እናቱ።

ረስቶት ነው። በከንፈር ስታወራ የኖረች ሴት መሆኗን ረስቶት ነው።

ልጁ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። የውብዳር ጋቢዋን ገልጣ ጫፉን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «ምን ያስለቅስሃል? ወፍ አልሰማም፣ ጸናጽል አልሰማም፤ የሄደ ሄዷል። ያንተን ግን እሰማዋለሁ። የማሽኑ ነገር እንዲህ ነው፣ ላዩን፣ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ በልቶ ታቹን፣ ወፍራሙን ተወልኝ። እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አዲስዓለምን እንኳ ጎንትዪኝ ብዬ ጭንቅ ውስጥ ከተትኳት።»

«እኔ» አልኳቸው፣ መዋሸት ሰልችቶኝ፣ «እኔ የይሁኔን አልሰማሁትም። የመነጽራሙን ብቻ ነው የሰማሁት።»

የውብዳር በጣም አዘነችልኝ። «አልሰማሽውም? ያን ሁሉ?» አለች። ወደ እኔ ዞራ፣ ለሕፃን ቃል እንደሚያስተምሩ ቀስ አድርጋ፣ ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ። ካሴ ጆሮውን አቀረበ። ይሁኔ ዓይኑን ጠረገና አብሯት ገባ። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ጉም ሲወጣ፣ ያ ቀጭን ክር ላይ ላዩን ሲሄድ፣ ከሥሩ ይህ ሁሉ ነበረ። እኔ ሁለት ጤነኛ ጆሮ ይዤ በላዩ አልፌዋለሁ። ነፋሱ አቧራውን እያስነሣ ነው፣ ሰው እያየን ያልፋል፣ እነሱ ያንጎራጉራሉ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ።

ጥበቃው መጥቶ ለካሴ ዱላውን ሰጠው። «ዘፋኙ መጣ እንዴ?» አለው እነሱን እያየ።

«መጣ» አለ ካሴ። «ቢቆይም መጣ።»

ይሁኔ ሱቁን አልከፈተም። ለእናቱ የጆሮ መሣሪያ ገዝቶላት ነበር፤ ብረት ይጮህብኛል ብላ መሳቢያ ውስጥ ዘግታበታለች። ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም ብሏታል። ልጁ በዓል በዓል ሲመጣ ከክፍሏ ጥግ ቆሞ ይጫወትላታል፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። የውብዳር አሁንም እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ከመዘዞ የሚመጣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ባና ለሚባለው የፀጉር ብርድ ልብስ ሠሪዎች ታስረክባለች። ዛሬ ጠዋትም ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ስትፈትል ነበር።