አክስቴ ስለ ጊፋታ የታገደችበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ከሶዶ ገበያ ቅቤ ገዝቼ ገባሁና የተጠቀለለበትን ኮባ ፈታሁት። ቅጠሉ ከውስጥ በኩል ወዝቷል። የለጋ ቅቤ፣ የእርጥብ ቅጠልና ትንሽ የጭስ ሽታ አንድ ላይ ወጣ። ልጄ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ እሷ ይህን ሽታ አትወደውም። እኔ ግን እጄን ሳልታጠብ ትንሽ ቁጭ አልኩ። አክስቴ እንዲህ ነበር የምትሸተው፤ ነጠላዋም፣ መዳፏም፣ ስታቅፈኝ አንገቷም።

አንተ ቢሮ ውስጥ የጠየቅከኝ ነገርም ያኔ ትዝ አለኝ። "ፕሮቴስታንት ሆናችሁ ጊፋታን እንዴት ታከብራላችሁ? ድሮ ባዕድ አምልኮ ነበረበት ይባል የለ?" ስትለኝ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። በሻይ ሰዓት ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው እንጂ መልስ አጥቼ አልነበረም። አሁን ልንገርህ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት አባቴ የወተት ጥርሱ ያልረገፈ ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጠያቂ የሚመጣላት ኮረዳ። አባታቸው ከዚያ በኋላ ነገር ዓለሙን ስለተወ ቤቱ በእሷ ላይ ወደቀ። ከገጠር ቅቤ እየሰበሰበች ቦዲቲ ገበያ መሸጥ ጀመረች፤ አባቴን ያስተማረችውም በዚያ ነው። ያገባችው እሱ ሥራ ከያዘ በኋላ ነበር። ልጅ ሳትወልድ ባሏ ሞተባትና ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ አባታቸው ግቢ ተመልሳ ብቻዋን ኖረች። ብቻዋን ስልህ እንዲያው በስም ነው፤ ግቢዋ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም።

እኛም ያኔ የምንኖረው ቦዲቲ ነበር። አባቴ ግብርና ቢሮ ይሠራል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ የምልህ በዕድሜ ሳይሆን በኃላፊነት ነው፤ ምእመኑን ይመክራል፣ ያጠፋውን ይገሥጻል፣ የጌታን እራት ያድላል። አክስቴም የዚያው ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። እንዲያውም ቀድማ ያመነችው እሷ ነበረች፤ አባቴንም በልጅነቱ እጁን ይዛ የወሰደችው እሷ ናት።

ጊፋታን፣ የእኛን የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ አንተ ያየኸው በስታዲየም ነው። ያኔ የሚከበረው በየግቢው ነበር። መስቀል ሲቃረብ ጎረቤት ተሰብስቦ የቅርጫ በሬ ይገዛል፤ ሴቶች ሲያጠራቅሙ የከረሙትን ቅቤ ያወጣሉ፤ ዳጣ ይፈጫል፤ ወጣቶች "ሃያያ ለኬ" እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው።

በእኛ ቤት ግን የጊፋታ ስም አይነሳም ነበር። ዕለቱን አባቴ በሩን ዘግቶ ያጸልየናል። የወጣቶቹ ዘፈን በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር እየሾለከ ሲገባ እሱ የጸሎቱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። እኛ ልጆቹ ዓይናችንን ጨፍነን የምንሰማው ዘፈኑን ነበር።

እልኸኛ ሰው ስለነበረ እንዳይመስልህ፤ ምክንያት ነበረው። እናታቸው የታመመችው በጊፋታ ሰሞን ነው። በዚያ ዘመን በእነሱ ሰፈር በሬው ሲታረድ ጠንቋይ ይመጣል፤ ደሙን ደጃፍ ላይ ይረጫል፣ የመጀመሪያውን ብልትም ይወስዳል። ያን ዓመት አያቴ በሬ መግዛት አቃተው። ሚስቱ ስትታመም ጠንቋዩ መጥቶ መንፈሱ ድርሻውን ስላጣ ነው የያዛት አለ። አያቴ አንዲት ላሙን ሸጦ በሬ ሊያመጣ ላይ ታች ሲል እሷ ሞተች። አባቴ ይህን የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲጨርስ፣ እናቱን ከቀበረበት በዓል ጋር አንድ ገበታ እንደማይቀርብ ተናግሮ ወጣ።

እኔ አሥረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ውሳኔ አወጣች። ቀደም ሲል ታይቶ እንዳልታየ የሚታለፈው ነገር ተከለከለ፤ በጊፋታ ቅርጫ የገባ አባል ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከጌታ እራት ይታገዳል ተባለ። አባቴ ውሳኔውን ደግፏል። ብዙ ሰው ፈርቶ ተወው። አንዳንዱም ሥጋውን ከጊፋታ ቀን ለይቶ እየገዛ ለመስቀል ነው አለ። አክስቴ ጋ ግን እንደ ወትሮው በሬው ሰፊው ሣር ላይ ታረደ። እሷም ቅቤውን አንጥራ፣ ያመነውንም ያላመነውንም ጎረቤት ጠርታ፣ በማዕዱ ላይ በኢየሱስ ስም ጸልያ አበላች። ከሁሉ ይበልጥ ሽማግሌዎቹን ያስቆጣው ያ ጸሎት ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አባላት ብቻ እንዲቀሩ ተደረገ። እኔ ከመዘምራኑ አንዷ ስለነበርኩ የተቀመጥኩት ከፊት ነው። ዝናብ አባርቶ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ በእርጥብ ጫማ የተረገጠውን ወለል ያሳይ ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አክስቴን አስነሳት። አባቴ ከእሱ ቀጥሎ ተቀምጦ ያንን ወለል ያያል። ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ የምመልስልህ እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በደግ ቃል ነው የጀመረው። ልማዱ ከጣዖት የመጣ መሆኑን፣ በእምነቱ ያልጠነከረ ሰው እሷን አይቶ ሊሰናከል እንደሚችል፣ ንስሐ ብትገባ ነገሩ እዚሁ እንደሚያልቅ ነገራት። አክስቴ እስኪጨርስ ሰማችና መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቀች። በገና ጊዜ መዘምራኑ ጽድ ቆርጠው፣ ጥጥ ለጥፈው እዚህ መድረክ ላይ እንደሚያቆሙ፣ ያ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማወቅ እንደምትፈልግ ተናገረች። ጥጡን የምንለጥፈው እኛ ነበርንና እርስ በርሳችን ተያየን። ሰብሳቢው ያ ለጌጥ እንደሆነ፣ ጽዱን የሚያመልክ ሰው እንደሌለ መለሰ።

"በሬውንም ያመለከው የለም" አለች። "የበደልኩት ሰው ካለ ይነሳ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጎረቤቴን ስላበላሁ ግን ንስሐ አልገባም።"

የተነሳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እንድትታገድ የተስማሙ እጃቸውን እንዲያነሱ ተጠየቁ። የአባቴ እጅ ከሁሉም ዘግይቶ ተነሳ፤ ግን ተነሳ። አክስቴ አየችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መጨረሻው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ትቀራለች ብሎ ነበር። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ያሉም አሉ። እሷ ግን አንድም እሑድ አልቀረችም። ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ መጥታ ያችው የኋላ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ትዘምራለች፣ ትጸልያለች። የጌታ እራት ሲታደል ኅብስቱ የተደረደረበት ሳህን እሷ ጋ ሲደርስ ከፊቷ ወደ ጎን ይሻገራል። ሳህኑን ከሚይዙት አንዱ አባቴ ነው። ስንወጣ በር ላይ ትጠብቀውና እንደ ድሮዋ ጤናውን ትጠይቀዋለች። እሱም ይመልሳል፤ ዓይኗን ግን አያይም። እናቴ ለአክስቴ ስኳርና ሳሙና በእኔ እጅ ስትልክ አባቴ እያየ እንዳላየ ያልፋል። ቤታችን ውስጥ የተጣላ ሰው አልነበረም፤ የሚጫወትም አልነበረም።

ዓመቱ ዞሮ ጊፋታ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤታችን መጣች። አባቴ ከሥራ መመለሱ ነበር። ተነስቶ ወንበር ሰጣት። እናቴ ምግብ ልታቀርብ ብትል አሁን እንደማትበላ ነገረቻት፤ እኔና እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆመን ቀረን።

"ኢሻ" አለችው፤ ወንድሜ ማለት ነው። "ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚሄድ። ጠበቅኩህ፤ ቀረህ። እኔ ደግሞ ይህን ይዤ መሻገር አልፈልግም።"

አባቴ በሁለቱ መካከል ጠብ እንደሌለ፣ ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እንደሆነ፣ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ለእህቱ ሊያደላ እንደማይችል በረጅሙ አስረዳ። እሷ አልተከራከረችውም። ይህን የሚያደርገው እናታቸውን እያሰበ እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ እሱ ያላወቀው አንድ ነገር እንዳለ ነገረችው።

እናታቸው በታመመች ጊዜ አክስቴ ቦዲቲ ክሊኒክ ሄዳ ክኒን አምጥታ ነበር። በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ስትገባ ጠንቋዩ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ቋጠሮውን አየና፣ ይህ መድኃኒት ከገባ መጀመሪያ ሴትየዋ፣ ቀጥሎ ልጁ ይሞታል አላት። ልጁ ምድጃው ዳር ተኝቶ ነበር። እሷ እናቷን አየች፣ የተኛውን ልጅ አየች፣ ቋጠሮውን ሳትፈታው ቀረች። እናታቸው ስትቀበር ክኒኑ ሻሿ ላይ እንደተቋጠረ ነበር።

"ልጁ አንተ ነበርክ" አለችው። "እጄን የያዘኝ ፍርሃት ነው። በሬማ በዚያ ዓመት የት ነበረ? ጌታን የተከተልኩት ከዚያ ፍርሃት እንዲያወጣኝ ነው፤ አወጣኝም። አሁን ደግሞ እናንተ ሥጋ ፍሪ ትሉኛላችሁ።"

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ። አባቴ ለምን እስከዛሬ እንዳልነገረችው ጠየቃት።

"በእኔ ምክንያት ሞተች ብለህ እንዳታድግ።"

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስንመለስ አክስቴ ምግቡን ጠይቃ እየበላች ነበር፤ አባቴም ከአንድ ሳህን ላይ አብሯት ይበላል። ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል።

በቀጣዩ የጌታ እራት ቀን አባቴ ሳህኑን ይዞ ከአግዳሚ አግዳሚ እያደለ ወደ ኋላ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሳህኑን ለሌላው ሽማግሌ ሰጠና አክስቴ አጠገብ ተቀመጠ። ለራሱም አልወሰደም። እኛ መዘምራኑ መዝሙሩን በአጋማሹ አቋረጥን። በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲጠይቁት አቋሙ እንዳልተለወጠ፣ በጊፋታ እንደማይበላ፣ በእህቱ ላይ ሊፈርድ ግን የሚገባው ሰው እንዳልሆነ ነገራቸው። ሽማግሌነቱንም ተወ። ወንድምና እህት በዚያ አግዳሚ ላይ ዓመታት አብረው ተቀመጡ። አንድ ቀን አዲስ የተመረጡ ሽማግሌዎች ምንም ሳይናገሩ ሳህኑን ዘረጉላቸው። መጀመሪያ እሷ ወሰደች፣ ቀጥሎ እሱ። ክልከላው ቆይቶ ሲነሳም የተነገረው ስለ መዘምራን ልምምድና ስለ ለቅሶ በሚነገርበት የማስታወቂያ ሰዓት ነው።

አባቴ ከዚያ ወዲህ በየጊፋታው እኛን ይዞ ወደ አክስቴ ግቢ ይሄድ ነበር። በሬው ሲታረድ አያይም። ሰው ሥጋ ሲበላ እሱ ለብቻው ቆጮ በጎመን ይበላል፤ ጎመኑን አክስቴ ራሷ ነበረች የምትሠራለት። አንድም ቀን ብላ አላለችውም፤ እሱም አንድም ቀን ተዪ አላላትም። ሁለቱም እስከ መጨረሻው የየራሳቸውን ያዙ። በእኛ ቤት ነገሩ ዛሬም አልተዘጋም። በዴሳ ከተማ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ታናሽ ወንድሜ አያከብርም፤ እኔ አከብራለሁ። እሱን ስጠራው ይመጣል፣ ቤቱን ባርኮ ሥጋውን ሳይነካ ይሄዳል።

አክስቴ የሞተችው በክረምት ነው። መቃብሯ ገና ሣር ሳያበቅል ጊፋታ ደረሰ። ጎረቤቶቿ መጥተው፣ ግቢው ዘንድሮ ይዘጋ ወይስ ምን ይሁን ብለው አባቴን ጠየቁት። እሱም እንደ ወትሮው እንዲሆን ነገራቸው። በሬው ታረደ፣ ሥጋው ተሰቀለ። ሁላችንም ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እናቴ እንደ ለመደው ጎመን ልታቀርብለት ስትል አባቴ በእጁ መለሳት።

በእኛ ዘንድ ታላቅ ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም። ለአባቴ ሥጋና ቢላዋ ተሰጠው። እሱ ቢላዋውን ይዞ ወደ ጓዳው በር ያያል። ልጆቹ ተራቡ፤ ጎረቤቶቹም ሥጋቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኛ የምንጠብቀው እሱን ነበር። እሱ ማንን እንደሚጠብቅ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብን።

እናቴ ጠጋ ብላ በጆሮው "አሁን ታላቁ አንተ ነህ" አለችው።

አባቴ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ሥጋውን ቆረጠ።