ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የተሰሙ የዓመቱ አልበሞች

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ሄራሞ የሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ስልካቸውን ያወዛውዛሉ። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ። ጠጋ ስል ግን እየሳቁ ነው።

«ምሕረት፣ ከሬዲዮ ተደወለ! የዓመቱን አልበሞች አንቺ ነሽ የምታቀርቢው አሉ!»

«የቱ ሬዲዮ?»

«የቱ ሬዲዮ ትላለች እንዴ! ሾፌሩ ሁሉ የሚከፍተው ነዋ!»

እዚያው አስፋልቱ ዳር ዘለልኩ። ቦርሳዬ ተከፍቶ ደብተሮቼ መሬት ላይ ተበተኑ። አንድ ባለ ባጃጅ ቆም ብሎ «ምነው እህቴ፣ ሎተሪ ወጣልሽ?» አለኝ። «ይበልጣል!» አልኩት። አልዋሸሁም።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ቢሆንም ሥራ ሠርቻለሁ፣ ትዝታም አለኝ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር።

ሙዚቃ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ክረምት ላይ ገባሁ። ጋሽ ሄራሞ የዱራሜ ሰው ናቸው፤ በካሴት ጀምረው፣ በሲዲ አልፈው፣ አሁን በፍላሽና በሚሞሪ ይጭናሉ። ያን ቀን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ራሴን ስነቀንቅ ነበር የታየኝ። የተሰጠኝ ግን ጨርቅ ነው።

«መጀመሪያ የፍላሹን አፍ ጥረጊ» አሉኝ። «የገበሬ ፍላሽ ከእህል ጋር ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። ጤፍ ይዞ ከገባ ኮምፒውተሬን ታበያለሽ።»

ሱቁ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። በግራ ያለው የመዝሙር፣ በቀኝ ያለው የዘፈን ነው። የሆሳዕናን ሰው ለማያውቅ ይህ ቀልድ ይመስለዋል፤ እኛ ጋ ግን የሥራ ደንብ ነው። በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንዲት የመዘምራን ልብስ በክንዷ ያንጠለጠለች ሴት ገብታ ፍላሿን ሳትሰጠኝ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ዘፈን ያልነካው የትኛው ነው?»

ጋሽ ሄራሞ ከውስጥ ሆነው መለሱላት፦ «የግራው ነው እህቴ። ዳግም አልተወለደም እንጂ ዘፈንስ አልነካውም!»

ሴትዮዋ ሳቀችና ሰጠችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው ፍላሽ ሲሰጥ ልቡንም አብሮ ነው የሚሰጠው፤ ከማይፈልገው ነገር ጋር እንዲደባለቅበት አይፈልግም።

የሱቁ ማዕረግ ሦስት ነው። ጠራጊ፣ ጫኝ፣ አሰላፊ። ጠራጊነቱን አይታችሁታል። ጫኝ ስሆን የተማርኩት ትልቁ ነገር ቁጥር ነው። የመኪና ቴፕ የአማርኛ ፊደል አያነብም፤ ስሙን ሁሉ ሳጥን ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ዘፈኖቹንም እንደ ፋይሉ ስም እንጂ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት አያጫውትም። ስለዚህ ከስሙ ፊት ቁጥር ይጻፋል፣ ከቁጥሩም ፊት ዜሮ ይቀድማል። ዜሮውን ከዘለልሽ ቴፑ አሥረኛውን ከሁለተኛው ያስቀድመዋል። ይህን የማያውቅ ጫኝ የሠርግ መግቢያ ዘፈን ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ እንዲመጣ ያደርጋል።

አሰላፊ ማለት ደግሞ ለሚኒባስ ሾፌር ፍላሽ የሚያዘጋጅ ነው። ይህ ከባዱ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው ውስጥ ሁሉም ሰው አለ። ፕሮቴስታንቱ መዝሙር ይፈልጋል፤ ኦርቶዶክሷ ነጋዴ ሌላ መዝሙር ትፈልጋለች፤ የኋላ ወንበሩ «ሞቅ ያለ!» ይላል። ሾፌሩ መሪ ይዞ ፍርድ ቤት አይሆንም።

የጋሽ ሄራሞ ዘዴ «ድልድይ» ይባላል። ከመዝሙር ወደ ዘፈን በቀጥታ አይኬድም። በመሐል ቃል የሌለው ነገር ይገባል፤ ክራር፣ ዋሽንት ወይም ሳክስፎን። «ቃል የሌለውን ማንም አይከሰውም» ይላሉ። «ዘማሪውን ሳታወርጂ ዘፋኙን የምታሳፍሪው በድልድይ ነው።»

በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ በዓመቱ ከወጡት አልበሞች የተመረጡት ባንድ ፍላሽ ይሰለፋሉ። ሾፌሮች ለመስቀል ይወስዱታል። በመስቀል የሀዲያ ሰው ለያሆዴ፣ የከምባታ ሰው ለመሳላ በዓሉ ካለበት ይመጣል፤ መንገዱ ይሞላል። ስለዚህ የዓመቱ አልበም የሚፈረደው እኛ ጋ በጋዜጣ አይደለም፣ በሚኒባስ ነው። ፍላሹን ሁልጊዜ የሚያሰልፉት ጋሽ ሄራሞ ራሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «አንቺ አሰልፊ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ስናገር አባዬ ፊቱን አጠቆረ። አባዬ አስተማሪ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም መዘምራንን ይመራል።

«ምሕረት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለብሽ። ደግሞስ እስከ መቼ ነው ዘፈን ቤት የምትውዪው?»

«አባዬ፣ ሳትሰማው አትፍረድ።»

«እሺ። ለመስቀል አክስትሽ ጋ ዱራሜ እንሄዳለን። በማቲ መኪና፣ ያንቺ ፍላሽ ተከፍቶ። ተሳፋሪው አጥፋ ብሎ ከጮኸ ሱቁን ትተያለሽ። ካልጮኸ እንነጋገራለን።»

ማቲ የሆሳዕና–ዱራሜ መስመር ሾፌር ነው፤ ጎረቤታችንም ነው። ነገሩን ስነግረው «ወይኔ ምሕረት! በመስቀል ሰሞን የማይጮህ ተሳፋሪ ከየት ላምጣልሽ?» አለኝ።

ዓመቱ ደግሞ ሀብታም ነበር። ድምፁ ከጠፋ የቆየ አንድ አንጋፋ ዘፋኝ አልበም አወጣ፤ ድምፁ ሻክሯል፣ እሱም አልደበቀውም፣ እንዲያውም ያ ሻካራነት ነው ልብ የሚበላው። ከአዲስ አበባ ሁለት ወጣቶች የሠሩት የራፕ አልበም አለ፤ ስድብ የለበትም፣ ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ነው የሚያወሩት። ቤዙ የሚያምር የወጣት መዘምራን አልበም አለ። አንድ በገና ደርዳሪ ለጾም ያወጣው አለ። የአንጋጫ ልጆች በከምባትኛ የሠሩት የጭፈራ አልበም አለ፤ እሱን ቁጭ ብሎ መስማት አይቻልም። አንድ የሬጌ አልበም ነበር፣ ፖስተሩ ከዘፈኑ ስለበለጠ ተውኩት።

አንድ ደግሞ ነበረ። ከሀቢቾ የመጣች ወጣት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ በሀዲይኛ የሠራችውን አልበም በሻሿ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልን። ፖስተር የላትም። በቀኝ ኮምፒውተር ከፈትኩት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጋሽ ሄራሞ የሚቆጥሩትን ሚሞሪ አስቀመጡ።

«ድምፅስ አላት» አሉ ልጅቷ ከሄደች በኋላ። «ግን ለሞርሲቶ መኪና አድርጊው፤ እዚያ ቋንቋው የቤታቸው ነው። የዱራሜ ተሳፋሪ ምን ብሎ ይሰማታል?»

«ራፑንስ ምን እንደሚል ይሰማዎታል ጋሼ?»

«እሱን የማልሰማው በእርጅና ነው!»

«ቢሆንም ራስዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።»

ሳቃቸው መጣ። «በራስሽ ኃላፊነት» አሉኝ።

ፍላሹን ስንት ጊዜ እንዳፈረስኩት አልነግራችሁም። የሀቢቾዋን መጀመሪያ ላይ ባደርጋት ተሳፋሪው ገና አልተላመደም። መጨረሻ ላይ ባደርጋት ሰው ወርዷል። በመጨረሻ ከአንጋጫዎቹ ጭፈራ በኋላ አስገባኋት። የከምባታ ሰው በራሱ ዘፈን ልቡ ከሞቀ በኋላ፣ አንድ የክራር ድልድይ፣ ከዚያ እሷ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። አባዬና እኔ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጥን። ከፊታችን ወደ ዱራሜ ገበያ የሚሄዱ አንዲት እማማ ቅርጫታቸውን አቅፈዋል፤ ከአጠገባቸው ነጠላ የለበሰች ነጋዴ ሴት አለች። ኋላ ወንበር ላይ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጡ ጎረምሶች ታጭቀዋል። ማቲ ፍላሹን ሲሰካ በመስታወቱ አየኝ።

መዘምራኑ ጀመሩ። ገና ከከተማ ሳንወጣ ከኋላ ድምፅ መጣ፦

«ሾፌር፣ የተሳፈርነው ወደ ጉባኤ ነው እንዴ?»

«ብትሄድስ ምን ነበረበት!» አሉ እማማ ዞር ሳይሉ። መኪናው በሳቅ ፈረሰ። አባዬ ግን አልሳቀም፤ እየጠበቀ ነው።

ዋሽንቱ መጣ። ከዚያ አንጋፋው ዘፋኝ። ከኋላ የነበረው ጎረምሳ «እንዴ፣ ይሄ ሰውዬ አለ?» አለና ጆሮውን ሰጠ። በገናው ሲመጣ ነጋዴዋ ነጠላዋን አስተካከለች፤ አባዬ እንኳ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከሳክስፎን ድልድይ በኋላ ራፑ ሲጀምር አንድ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ «ኧረ ይህን...» ብለው ጀመሩ። የቤት ኪራዩ ቦታ ደረሰ። «ምን አለ? አከራዩ ምን አለው?» ብለው ጠየቁ። ጎረምሶቹ አስረዷቸው። «እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌው፤ «የኔም ልጅ እንደዚያው ነው የሚያለቅሰው።»

አንጋጫዎቹ ሲመጡ መኪናው በትከሻ ሄደ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጨፍር ማቲ «ትወድቅና ዘፈኑን ታበላሽብናለህ!» ብሎ ጮኸበት።

ከዚያ ክራሩ። ከዚያ የሀቢቾዋ ልጅ።

ትከሻው ሁሉ ቆመ። ወደውት ይሁን ሰልችተውት ማወቅ አልቻልኩም። ከኋላ አንዱ «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ቀይረው በናትህ!» አለ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ማቲ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

«ቆይ!» አሉ እማማ። «እጅህን ሰብስብ። ልጅቷ ምን ትላለች? ሀዲይኛ የሚያውቅ የለም?»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ እንሰት ስትፍቅ፣ ነው የምትለው። እኔን በጀርባዋ አዝላ ትፍቅ ነበር። ዘፈን የተማርኩት ከፍቂያው ምት ነው፣ ትላለች።»

«እኛም አዝለን ነው የምንፍቀው!» አሉ እማማ። «ወገቡንስ? ስለ ወገብ አልተናገረችም? የሚሰበረው እኮ ወገብ ነው!»

አባዬ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። አስተማሪ መሆኑን ረስቶ እንደ ተማሪ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «መጣ! ወገቡ መጣ!»

እማማ አጨበጨቡ። ነጋዴዋም ተከተለች። ቀይረው ያለው ጎረምሳ አዝማቹን ሳያውቀው ተቀበለ። አባዬ እያንዳንዱን ስንኝ በአማርኛ እየመለሰ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረና ትርጉሙን ሳይናገር «ይህን እናቴም ትለው ነበር» ብቻ አለ።

አንጋጫ ስንደርስ ባለ ኮፍያው «ወራጅ አለ!» አሉ። መኪናው ቆመ። ሽማግሌው አልተነሡም።

«አባባ፣ ይውረዱ እንጂ!» አለ ረዳቱ።

«ቆይ፣ ይጨረስ።»

«ሲጨረስ ዱራሜ ነን እኮ አባባ!»

ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆምን። ማንም አልጮኸም።

ዱራሜ መናኸሪያ ስንወርድ እማማ ማቲን ያዙት። «ይህን ማን ነው የጫነልህ?»

ማቲ ሊመልስ ሲል አባዬ ቀደመው። «ልጄ ናት» አለ። «የጫነችው ብቻ አይደለም፤ ያሰለፈችውም እሷ ናት።»

አሰላፊ የሚለውን ማዕረግ ከአባዬ አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ አክስቴ ቤት ስንሄድ ስለ ሱቁ ተነጋገርን። «ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ። ፈተናው ሲቃረብ ታቆሚና ስትጨርሺ ትመለሻለሽ» አለኝ። «እሺ አባዬ» አልኩት። መንገዱን ሁሉ ያቺን አዝማች ያፏጭ ነበር።

ፍላሹን ሌሎች ሾፌሮች ከማቲ ሰምተው መጡ። የሀቢቾዋ ልጅ ፖስተር አሠርታ አመጣች፤ በሩ ላይ እኔ ራሴ ለጠፍኩት። ወሬው በሾፌሮቹ በኩል ሬዲዮው ጋ ደረሰ፤ ረቡዕ ደወሉ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። አልበም ብቻዬን በማዳመጫ ስሰማው መውደዴን ብቻ አውቃለሁ። ጥሩ መሆኑን የማውቀው ከማይመስሉኝ ሰዎች ጋር ስሰማው ነው።

ለሬዲዮው ፕሮግራም የመጨረሻውን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። በዓመቱ ከወጡት መካከል እናንተ ሰፈር የሚሰማ፣ እኔ ግን ያልደረስኩበት አልበም ካለ አምጡልኝ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ መዝሙርም ዘፈንም ይሁን። ከማምጣታችሁ በፊት ግን አጠገባችሁ ለተቀመጠ ለማታውቁት ሰው አሰሙት፤ ምን እንዳለም ንገሩኝ። ሙዚቃ ቤቱ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከትምህርት በኋላ አለሁ።