ወደ ግራ የሚስተው ሽጉጥ

የስፌት መኪናዬን ዘይት ያጠጣሁ ቀን ሽታው ከጣቴ አይለቅም። በሳሙና ብታጠብም፣ ሎሚ ባሽበትም፣ ማታ እጄን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ እዚያው ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ ዘይቱን ያወፍረዋልና ጠርሙሱን ከከሰሉ አጠገብ አቁሜ ማሞቅ አለብኝ። ያኔ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኔ ግን አባቴ ይመጣብኛል፤ ኮምቦልቻ፣ ደጃፋችን ላይ በርጩማ ስቦ፣ በአሮጌ ካልሲ ጠመንጃ ሲወለውል። የሚወለውልበት ዘይት ይኸው የእናቴ የስፌት መኪና ዘይት ነበር። እናቴ ጠርሙሱ ጎደለ ብላ ስትጮህ፣ "ጠመንጃውም ልብስ ይሰፋል" ይላት ነበር።

አባቴ ፋብሪካ ጥበቃ ነበር። ሌሎቹን ጥበቃዎች ተኩስ የሚያስተምረውም እሱ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር መሣሪያ የሚሻሻጡ ሰዎች አንድ ወግ ነበራቸው። ሻጭና ገዢ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ እሱ ይተኩስበታል፤ ደህና ነው ካለ ደህና ነው፣ አይሆንም ካለም አይሆንም። ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው አይሞክርም። ከሞከረ አላመንኩህም ማለት ነው፣ ትልቅ ንቀት ነው። ከደጋን እስከ ኮምቦልቻ ለዚህ ነገር የሚጠራው አባቴ ነበር። ዋጋ አይቀበልም፤ ሻይ ከጋበዙት ይበቃዋል።

እኔ ያኔ እዚያው ፋብሪካ ፈተላ ክፍል ገብቼ ነበር። ፀጉሬ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ ስለሚይዝ ሻሽ ሳላስር አልውልም። ክር የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነበረ፣ የቢስቲማ ልጅ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ወሬው ጥቂት። ከእኔ ጋር ግን ያወራል። ወሬ የማላቆመው እኔ ስለሆንኩ ዝም ማለቱ ተስማምቶኝ ነበር መሰለኝ። እንዋደድ ነበር፤ ለአባቴ ግን ገና አልተነገረም።

ስለዚህ ልጅ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በዒድ ማግስት አንድ ሰውዬ መንገድ ዳር ፊኛ ደርድሮ በአየር ጠመንጃ ያስተኩስ ነበር። የእኛ ልጅ ቆሞ የተደረደረውን ሁሉ እየለቀመ አፈነዳው። ሰውዬው ገንዘቡን መለሰለትና፣ "ወንድሜ፣ በአላህ፣ እንጀራዬን አትዝጋብኝ፣ ወደሌላው ሂድ" አለው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሳቄን በሻሼ ጫፍ አፈንኩት።

አሁን ወደ አባቴ ዓይን ልምጣ። ዓይኑ እየደከመ ነበር። መጀመሪያ ጎረቤት ሰላም ሳይል ማለፍ ጀመረ፤ ኮራ ተባለ። ቀጥሎ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ማፍሰስ ጀመረ። ዘመድ ጥየቃ ብለን ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ነርቩ ተጎድቷል፣ መነጽርም አይመልሰውም፣ የቀረውን ለማቆየት ይኸን ጠብታ ጨምሩ አለን። ከሐረጎ ቁልቁል ስንመለስ አባቴ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ውጭ እንደሚያይ ሰው ተቀምጦ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ "ይኼ ነገር እዚሁ በሦስታችን ይቅር" አለ። ማየት የማይችል ጥበቃ ማን ያቆየዋል? ቤታችን በእሱና በእኔ ደመወዝ ነበር የሚቆመው። ደግሞ እንጀራው ብቻ አይደለም፤ አባቴን ከነዓይኑ ነበር ሰው የሚያከብረው።

በዚህ መሃል ነው ሾፌሩ የመጣው። መኪናውን ሌሊት ወደ ባቲ ስለሚነዳና መንገዱ ሰላም ስላልነበረ፣ ሽጉጥ ሊገዛ አስቦ ነበር። ፈቃዱን አውጥቷል። አቅሙ የሚችለው ርካሽ ነገር ስለሆነ አጠያይቆ ከደሴ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ አገኘ። ሁለቱ ሻጭና ገዢ አንድ ላይ ቤታችን መጥተው አባቴን ይዳኙልን አሉት። ጡረተኛው ፖሊስ የፋብሪካው የጥበቃ አለቃ ወዳጅ ነው፤ ሻይ የሚጠጡት አብረው ነው። አባቴ እምቢ ቢል ለምን ይባላል፤ እሺ ብሎ ቢስት ደግሞ ወሬው በማግስቱ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቴ ከጓዳ ሆና ዓይኗን ታፈጥብኛለች። አባቴ ግን፣ "አብሽሩ፣ እሁድ እንሞክረዋለን" አላቸው።

እሁድ ጠዋት አባቴን አጅቤ ልሄድ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ "ቢጫውን ሻሽሽን እሰሪ" አለኝ።

"ጥቁሩን አስሬያለሁ እኮ አባ።"

"ቢጫውን እሰሪ አልኩሽ።"

ለምን እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ከቀለም ሁሉ የቀረለት ቢጫ ነበር። ቢጫ ነገር ሲሆን ቅርጹን ባያውቀውም የት እንዳለ ያውቃል።

ተኩስ የሚሞከረው ወደ ደጋን መውጫ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ጥበቃዎቹም በየዓመቱ ዒላማ የሚተኩሱት እዚያ ነበር፤ የዚያን ዓመቱም ቀርቦ ነበር። ሙቀቱ ከድንጋዩ ግድግዳ ተመልሶ ፊት ይመታል። ከግራሩ ሥር የደረቀ የፍየል በጠጥ ይሸታል። ጡረተኛው ፖሊስ ሽጉጡን ከፍላኔል ጨርቅ ፈታው። ጥቁር ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጦ ነጥቷል፣ እጀታው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ሲያዩት የሚያኮራ ነገር አልነበረም።

አባቴ ተቀበለው። የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ለቀቀው፤ ደግሞ ሳበው፣ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማው። በአውራ ጣቱ አፈሙዙን ዳሰሰ። ካዝናውን አውጥቶ ሞላውን ተጫነው። ባዶውን ቃታ ስቦ ቀጭ ሲል ራሱን ነቀነቀ። "ዋጋው ነው እንጂ ዕቃው ርካሽ አይደለም" አለ። "ሞላው አልደከመም። አንዱን ስትተኩስ ቀጣዩን ያጎርሳል፣ አያንቅህም። ቃታው ትንሽ ይከብዳል፣ ያም ለሾፌር ጥሩ ነው፣ መኪናው ሲዘል አይባርቅብህም።" ሾፌሩ በአክብሮት እጁን አጣምሮ ያዳምጣል። እኔን አላየኝም፤ ማለቴ እንዳላየኝ ሆኗል።

"ዒላማውን አንቺ አስቀምጪ" አለኝ አባቴ።

አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ነበር። ወስጄ ድንጋይ ላይ አቆምኩትና እንደ ቀልድ ሻሼን አሰርኩበት። "ፀሐዩ ያንጸባርቃል፣ እንዲህ ይሻላል" ብዬ ተመለስኩ። አባቴ ወደ ቢጫው ዞረ፣ ትከሻው ተረጋጋ፤ ልቤም አብሮ ተረጋጋ።

ኮምቦልቻ ከረፋዱ በኋላ ድንገት የምትነሣ ነፋስ አለች። አባቴ ሽጉጡን ሲያነሣ መጣች። ቋጠሮዬ ተፈታ፣ ሻሹ ተነሥቶ በግራ በኩል ካለው ቁጥቋጦ ላይ ሄዶ ተሰቀለ። ጡረተኛው ፖሊስ ካዝናውን ሞልቶለት የተረፈውን ጥይት ወደ ኪሱ እየመለሰ አጎንብሶ ነበር። እኔ አየሁ። ሾፌሩም አየ። አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበል? አባ ሻሹ ሄደ ብል፣ ጣሳውን አታየውም ማለቴ አይደል? አፌን መልሼ ዘጋሁ። አባቴ አፈሙዙን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ፣ ወደ ቁጥቋጦው አዞረና ተኮሰ። ደገመ፣ ሠለሠ። ቀለሁ እግሩ ሥር ተንጫጫ፣ የባሩዱ ሽታ አፍንጫዬን ቆረጠው። ጣሳው እንደቆመ ነው።

"እንዴት ነው?" አለ አባቴ ፈገግ ብሎ።

ማንም አልመለሰለትም። ፈገግታው ከፊቱ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት፤ እስከ ዛሬም ከዚያ የከፋ ነገር ያየሁ አይመስለኝም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ወደ ግራ ይስታል" አለ።

ጡረተኛው ፖሊስ ቀና አለ። "ወደ ግራ? ይኼ ሽጉጥ? ወላሂ ስንት ዓመት ይዤዋለሁ፣ እንደ ክር ነው የሚሄደው። እስቲ ያምጡት።" እጁን ዘረጋ። ያ እጅ ሽጉጡን ቢይዝ ጣሳው ይወድቃል፤ ከጣሳው ጋር የሚወድቀውን እኔ አውቃለሁ።

ሾፌሩ ቀደመው። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ "አባ፣ ካልተቀየሙኝ፣ ምን ያህል እንደሚስት ልየው። የምገዛው እኔ ስለሆንኩ ነው" አለ። አባቴ ሽጉጡን አቀበለው።

ያ የፊኛውን ሰውዬ እንጀራ ሊዘጋ የነበረ ልጅ ቆመ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ አነጣጠረ። ድንጋዩ ከጣሳው በግራ፣ አባቴ ከመታውም ራቅ ብሎ፣ አቧራ ተፋ። ደገመ። ደግሞም ሠለሠ። ሽጉጡን አወረደና ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ነዎት አባ። ወደ ግራ ይጎትታል።"

ፖሊሱ ተናድዶ ወደ እኔ ዞረ፤ ምስክር ሊያደርገኝ መሰለኝ። እኔ ግን ሻሼን ላነሣ ወደ ቁጥቋጦው እየሮጥኩ ነበር። ሳነሣው ተበስቷል። ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ስከተው ሰውዬው ዓይኑን ተክሎብኝ አገኘሁት። ሻሹን አይቷል፤ ቀዳዳውንም አይቷል። ከዚያ አባቴን ብዙ አየው። የዘረጋውን እጅ ወደ ኪሱ መለሰና፣ "አንድ ጊዜ ከደረጃ ወድቆብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም" አለ። አላህ ይስጠው፤ ያንን ቀን ለማንም ትንፍሽ እንዳላለ ዛሬም አምናለሁ።

"ታዲያ ገዛኸው?" አለው አባቴ ሾፌሩን። "ጠማማ መሆኑን እያወቅህ?"

"ሌባውም ወደ ግራ ሊሮጥ ይችላል እኮ አባ።"

አባቴ ሳቀ። ፖሊሱም ሳቀ። ሻጩ ዋጋ ልቀንስ አላለም፣ ገዢውም ቀንስልኝ አላለም፤ በተስማሙበት ተሻሽጠው ተጨባበጡ።

እነሱ በአይሱዙው ሲሄዱ አባቴ በእግር እንሂድ አለኝ። ሰው በሚያይበት መንገድ ክንዴን ይዞ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ያዘኝ። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ "ሻሽሽ ተበሳ?" አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ፣ ሻሹን የከተትኩበት ላይ ጫንኩ።

"ሰምቼዋለሁ" አለ። "የእኔ ጥይት አፈር ነው ያገኘው። ከጣሳው ጀርባ ደግሞ አፈር የለም፣ ግድግዳ ነው። ስተኩስ አላወቅሁም፤ ቆይቼ ነው የገባኝ። የልጁ ግን ድንጋይ ላይ አረፈ፤ ሁሉም አንድ ድንጋይ ላይ። ልጄ፣ ሰው የምሩን ሲስት እዚህም እዚያም ነው የሚረጨው። ያ ልጅ መሳት አይችልበትም።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ክንዴን ጠበቅ አደረገውና፣ "ታውቂዋለሽ?" አለኝ።

"አውቀዋለሁ አባ።"

"እንደዚያ መስሎኛል። ሽማግሌ ይላክ። ግን እንዳወቅሁበት አትንገሪው።"

"ለምን?"

"ደብቄልሃለሁ ብሎ ደስ ብሎታል። ደስ እንዳለው ይኑር።"

በማግስቱ አባቴ፣ ማንም ሳይነግርበት፣ በገዛ እግሩ የጥበቃ አለቃው ቢሮ ሄዶ ዓይኔ አያይም አለ። ጠመንጃውን ሌሊቱን ወልውሎ ነበር ያስረከበው። እኔ ፈተላ ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። የማሽኑ ድምፅ ስለሚውጠው እዚያ ማልቀስ ጥሩ ነበር።

ሽማግሌ መጣ፣ ኒካሁ ታሰረ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ኑሯችን ወደ ደሴ ዞረ። አባቴ የቀረው ብርሃንም ሄዶ ጨርሶ ማየት ካቆመ በኋላ እንኳ፣ በየዒዱ ባለቤቴ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ "ያ ጠማማ ሽጉጥ አለ?" ይለዋል። ባለቤቴም ፊቱ ሳይፈታ፣ "አለ አባ፣ አሁንም ወደ ግራ ነው" ይላል። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ፣ "እኔ ያኔ ነግሬህ ነበር" ይላል። እኔ ወጡን እያወጣሁ ሁለቱንም አያለሁ። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነበር፤ መሃል ላይ ሆኜ ለሁለቱም ምሥጢር ጠባቂ ሆንኩ።

አባቴ አላህ ይዘንለትና ባለፈው ክረምት ሞተ። ሰደቃው ወጥቶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ቤቱ ጭር ሲል ባለቤቴ ከአጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ቀብሩ ላይ ሲሯሯጥ ነበር የዋለው፤ እንባ አላየሁበትም። መሬት መሬት እያየ፣ "አንድ ነገር ልንገርሽ" አለኝ። "አባትሽን አንድ ቀን ዋሽቼዋለሁ። ያ ሽጉጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነበር። ይቅር በለኝ ሳልለው ሄደብኝ።"

"ያውቅ ነበር" አልኩት።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ያኔውኑ፣ ከካባው ስንመለስ ነግሮኛል። ደስ እንዳለው ይኑር፣ አትንገሪው አለኝ።"

ባለቤቴ አፉን ከፍቶ አየኝ። "ታዲያ በየዒዱ የሚጠይቀኝ?" አለ።

"አሁንም ወደ ግራ ነው ስትለው መስማት ይወድ ነበራ።"

መሳቅ ጀመረ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ የት ላይ እንደተለወጠ ሳላውቅ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ፀጉሩን ደባበስኩለት።