ከሕመሙ በፊት የነበረው ሰው

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ሆስፒታል ካስገባች ወዲህ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ "ሕመም ነው የቀየረው እንጂ እሱስ ደግ ሰው ነበር።"

ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። "ጣሪያ ላይ ሆነው ይዶልቱብኛል፣ ድምፃቸው ይሰማኛል" እያለ እንቅልፍ አጣ፤ ይባስ ብሎ መሰላል ተሸክሞ ጎረቤት ግቢ የገባ ቀን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኛ። መድኃኒቱ ተስማማው። ድምፁ ጠፋ፣ እንቅልፉ ተመለሰ፣ እህል ቀመሰ። እሷም መጋረጃውን አጥባ፣ አልጋውን አንጥፋ፣ "ሰውዬዬ ሊመጣልኝ ነው" እያለች ትጠብቀው ጀመር።

ይኼኔ ነው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ያስጠራቻት። ልጅ እግር ናት። የጠባብ ክፍሏ መስኮት አልዘጋ ብሎ በተጣጠፈ ካርቶን ተወትፏል።

"እናቴ፣ እሱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ነው" አለቻት። "ከሕመሙ በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

"ጨዋ። ዝምተኛ። እጁ ወርቅ ነው።"

"ሰው ሲያስቀይመውስ?"

ልብስ ሰፊዋ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። "አይረሳም። ወንድሜ አንዴ ሳያየው ሰላም ሳይለው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ቤቴን አልረገጠም፤ እኔም የሱን።"

"ያኔ ድምፅ ይሰማው ነበር?"

"ኧረ ምንም። በተጋባን በዓመቱ ነው እኮ።"

ባለሙያዋ አላጣደፈቻትም። ሴትዮዋ ራሷ ቀጠለች።

"የምንሠራው እዚያው ቤታችን ነው፤ እሱ ከጓዳ፣ እኔ በሩ ላይ። የስፌት መኪናዬ ዝም ካለ 'ከማን ጋር ነው የምታወሪው?' ይላል። ሰው ሳይለካ ይሰፋለታል እንዴ? በኋላ ዘዴ ፈጠርኩ። ደንበኛ ሲመጣ መኪናውን ያለ ጨርቅ እረግጠዋለሁ።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "አንዷ ደንበኛዬማ 'ባዶውን የሚሮጥ መኪና ያየሁት ያንቺን ነው፤ ተሳፋሪ የለው' ትለኝ ነበር።"

ባለሙያዋ አልሳቀችም። ልብስ ሰፊዋም የሻርፗን ጫፍ ከጣቷ ፈታች። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋ ለሰው ቀርቶ ለራሷም ነግራ አታውቅም።

"ያን ጊዜ እኮ ጤነኛ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "እናቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ 'አመል ያወጣል ከመሀል፤ ልጄን ቻይው' ብለውኛል። የአማት ጨዋታ መስሎኝ።" ቀና አለች። "ልጄ፣ ይሄስ ይድናል?"

"ድምፁ ሕመም ነበር፤ መድኃኒት ያዘው። ጥርጣሬው ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ይመስላል። በእርስዎ ቃል ብቻ አልፈርድም፤ እሱንም ደጋግሜ አነጋግረዋለሁ። እንዲህ ያለውን ክኒን ብቻውን አይነካውም። ከሰው ጋር ተቀምጦ ብዙ መነጋገር ይረዳል፤ እሱ ከፈቀደ።"

ከዚያ ወጥታ ወደ ባሏ ሄደች። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች፤ ፊቱ ሞላ ብሏል። የቦርሳዋ ዚፕ መበላሸቱን አየና ሳትጠይቀው ከእጇ ወስዶ በጥፍሩ ያቃናው ጀመር።

"ምን ብለሽ ነገርሻት?" አላት፣ ዓይኑን ከዚፑ ሳያነሳ።

"የጠየቀችኝን።"

"ጠርጥሬ ነበር። አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ።" ዚፑን ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጎ ሞከረና ቦርሳውን ጭኗ ላይ አኖረላት። "ቀስ ብለሽ ሳቢው። ካጣደፍሽው ይበጠሳል።"

መሰላል ተሸክሞ የወጣ ቀን አላለቀሰችም። ከሆስፒታል ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ እስክትወርድ አለቀሰች። ይመለስልኛል ብላ የጠበቀችው ደግ ሰው ትዝ ሊላት አልቻለም። ጣሪያና መሰላል የሌሉባቸውን ዓመታት አንድ በአንድ አሰበች፤ በሁሉም ውስጥ ጓዳ ተቀምጦ ጆሮውን የሚያቆም ሰው ነው ያገኘችው።

እሱ ከሆስፒታል ወጣ። ጥቂት ጊዜ ባለሙያዋ ጋ ተመላለሰና "ድምፄን ትቀዳለች" ብሎ ተወው። ክኒኑን ግን አላቋረጠም። እሷ በዓመቱ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዋን ይዛ ወጣች። ጎረቤት "የታመመ ባሏን ጥላ" ብሎ አማት፤ እሷ "ሕመም ነው የቀየረው" ማለቷን ትታለች።

እሑድ እሑድ ሸሚዞቹን አጥባና ተኩሳ ትወስድለታለች። በሩን ገርበብ አድርጎ "ከማን ጋር መጣሽ?" ይላታል። "ብቻዬን" ትለዋለች። በትከሻዋ አሻግሮ መንገዱን ያያል። አንዳንዴ ያስገባታል፤ አንዳንዴ ሸሚዞቹን በክፍተቱ ተቀብሎ ይዘጋል።