የሚተነፍሰው በርሜል

የሚስቴ አባት የጠመቁትን ነገር አንድ ቀን አምልጦኝ «ጠላ» ብዬ ጠራሁትና ግማሽ ቀን አኮረፉኝ። ያው ብቅልና ጌሾ ነው፤ በነጠላ ደጋግሞ ተጣርቶ እንደ ሻይ የጠራ። እሳቸው ግን በብረት በርሜል ገብቶ፣ ጋዝ ተሞልቶ፣ በቧንቧ እስከተቀዳ ድረስ ቢራ ነው ብለው ደምድመዋል። እኔም ክርክሩን ተውኩት። ቢራም ሆነ ጠላ አልቀምስም፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የምዘምር ሰው ነበርኩ። የሚስቴ እናት ልጃቸውን የሰጡኝም ለዚሁ ድምፄ ይመስለኛል፤ በመልኬማ አልነበረም።

ታዲያ ከበርሜሉ ጋር ምን አገናኘኝ? ሙያዬ። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ የት ጋ እንደተሰነጠቀ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጥፌ አገኘዋለሁ፤ በዚህ ደግሞ ትንሽ እኩራራ ነበር።

ጊዜው ባጃጅ ሀዋሳን ገና መውረር የጀመረችበት፣ መብራትም በፈረቃ የሚመጣበት ነው። እኔና ሚስቴ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ በወላጆቿ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እማማ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ የሚያሰክር ነገር የቤታቸውን ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ጋሼ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስላላቸው የሚጠጡትን እዚያው ከሱቅ ጎረቤቶቻቸው ጋር ጠጥተው ይመጡና አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይገባሉ። ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ለዓመታት በሰላም ኖረዋል።

ነገሩን ያበላሸው የሚሰባሰቡበት ድራፍት ቤት መዘጋቱ ነው። ባለቤቱ ከተማ ሲለቅ ጋሼ አንድ በርሜል ከነመቅጃው፣ አንድ ግማሽ የቀረው የጋዝ ሲሊንደርም ጨምረው አስቀሩ። ወዲያውም በጓደኞቻቸው ፊት አፋቸውን ሞልተው «የትንሿ ልጄ ምርቃት ቀን ድራፍት ከገዛ ግቢዬ እቀዳላችኋለሁ» አሉ። እማማን እንዴት ሊያደርጉ እንዳሰቡ ስጠይቃቸው፣ «ቤት አይገባም ነው ያለችው። ከሰል ማስቀመጫው ቤት ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው ጣታቸውን ወደ አፌ ቀሰሩ። «አንተም ትንፍሽ እንዳትል።»

ፈራሁ። እማማ ካወቁ ጋሼ ባላቸው ናቸው፣ ተኮራርፈው ይታረቃሉ። እኔ ግን ያመኑኝ ዘማሪ አማቻቸው ነኝ። ተደብቄ ቢራ ስጠምቅ ከተያዝኩ ከዓይናቸው ወድቄ መቼም አልነሳም። ለጋሼም እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ምን ላድርግ፣ ሰውዬውን እወዳቸው ነበር።

ጋሼ በጠመቁት በርሜሉን ሞላን፣ ጋዙን ለቀቅንበት፣ ሲሊንደሩን ለመቆጠብ ዘጋነው። የግፊቱ መለኪያ ቀስት ቀጥ ብላ ቆመች። በማግስቱ ጠዋት ስናይ ተኝታለች። ቀዳን፤ ብርጭቆው ውስጥ የወረደው ዝም ያለ ቡናማ ውሃ ነው፤ አንድም አረፋ የለውም። ጋሼ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና «ተንፍሷል» አሉ።

እንግዲህ ማፍሰስ የኔ ጉዳይ ነው። የሳሙና አረፋ በጥብጬ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባሁ፤ የሚያፈስ ካለ ይንፈቀፈቃል። ምንም የለም። ቢሆንም ጎማው አርጅቶ ይሆናል ብለን ከብስክሌት ካላማዳሪ ላይ አዲስ ቆርጠን ቀየርን። ጋሼ ቆራጩ እኔ ነኝ ብለው በመቀሱ ሲታገሉ ከሰዓቱ አለቀ። ጋዝ ሞላን፤ ጠዋት ተንፍሷል። ሙቀቱ ይሆናል ብለን በርሜሉን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልነው። ተንፍሷል። ሥራ ቦታ የሰው ቧንቧ ስጠግን ሐሳቤ እዚያው ከሰል ላይ ነበር፤ አንድ ደንበኛማ «ታመሃል እንዴ?» አለኝ።

ምርቃቱ ሲቃረብ ሲሊንደሩም እየተሟጠጠ ሄደ። አንድ ጠዋት ጋሼ ከተኛችው ቀስት ላይ ዓይናቸውን አንስተው እኔን አዩኝ።

«አንተ ነህ የምታስተነፍሰው» አሉ። «ለእሷ ብለህ።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ እኔ ብሆን ኖሮ ገና ድሮ ደፍቼው እገላገል ነበር» አልኳቸው። እንደዚያ መልሼላቸው አላውቅም። እሳቸው ወደ ሱቃቸው ሄዱ፤ እኔም ተናድጄ ሊያልቅ ከደረሰው ጋዝ ሞላሁና ከሥራ እንደተመለስኩ ከከሰል ጆንያዎቹ ጀርባ ገብቼ ተቀመጥኩ። የሚያፈሰውን በዓይኔ ሳላይ ላልነሳ ምያለሁ።

ገና አልመሸም ነበር። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና እማማ ገቡ። ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበዋል። በርሜሉን እንደ ክፉ ውሻ በሩቁ ዞሩት፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ዘርግተው መቅጃው ራስ ላይ ያለችውን ትርፍ ግፊት የምታስወጣ ቀለበት ሳቡ። ፍስስስ አለ። እሱ እስኪያልቅ ይጸልያሉ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰውዬ ጠብቅልኝ። ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።»

የከሰሉ ብናኝ አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ።

ሁለታችንም ደነገጥን። መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። «አንተም አለህበት?»

«እኔ ጋዙን ብቻ ነው፣ እማማ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

«ጌሾው ገና የመጀመሪያው ቀን ነው የሸተተኝ» አሉና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ያኔ ጎረቤታችን የጠላ ጀሪካኑን አፍኖ ዘግቶት ፈንድቶ ፊቱን እንዳበላሸው አላየህም። ጀሪካን ሲነፋ ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስተንፈስ ነው እንጂ እንዲህ ይታፈናል? ጋሼህን ብቆጣው አውጥቶ ሱቁ ይወስደዋል፤ እዚያ ማን ያስተነፍስለታል?»

መጠጡን ሊያበላሹባቸው አስበው አያውቁም። ባላቸው እንዳይሞቱባቸው ነው በየቀኑ እየተንቀጠቀጡ የሚገቡት። ብረቱን በመዶሻ መትቼ አሳየኋቸው፤ ሲሠራ ጀምሮ ይህን ግፊት እንዲችል ተደርጎ እንደተሠራ፣ ቀለበቷም ከልክ ካለፈ ራሷ እንደምትለቅ አስረዳሁ። ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ተነሡና «በአንተ አምኜ ልተወው» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «ለእሱ ትንፍሽ እንዳትል።»

ሲሊንደሩን አራግፌ የተረፈችውን ጋዝ ሞላሁ። ጠዋት ቀስቷ ቆማለች። ጋሼ ያዩዋት ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ይቅርታቸው ይኸው ነበር። «እኔ የቆረጥኩት ጎማ ነው» አሉ፤ እኔም አዎ አልኩ።

የምርቃቱ ቀን የሱቅ ጎረቤቶቻቸው አንድ በአንድ «የእጅ መታጠቢያው የት ነው?» እያሉ ወደ ጓሮው ከሰል ማስቀመጫ መጡ። ጋሼ ቧንቧውን ሲከፍቱ በያዟት አንዲት ብርጭቆ ላይ አረፋው ሁለት ጣት ያህል ቆመ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ያኔ ነው ሌላ ብርጭቆ እንዳላመጣን ያወቅነው፤ ሁሉም ብርጭቆ ያለው ቤት ውስጥ፣ እማማ እጅ ነው። እየተያየን ሳለን በሩ ተከፈተና እማማ ትሪ ሙሉ የታጠበ ብርጭቆ ይዘው ገቡ። ጆንያው ላይ አስቀመጡት፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ተነፈስክ?»

«እኔ አልተነፈስኩም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ከደጅ የእማማ ድምፅ መጣ። «የማስተነፍሰው እኔ ነበርኩ። እንዳይፈነዳብህ።»

ጋሼ ቀለበቷን አዩ፣ ከዚያ በየጠዋቱ ተኝታ የምትገኘውን ቀስት ያሰቡ መሰለኝ። ብርጭቆአቸውን ሳይቀምሱ ጆንያው ላይ አስቀመጡና ተከትለዋቸው ወጡ። ኩሽና ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ቆዩ። እኔ፣ የማልጠጣው፣ ለእንግዶቹ ቀዳሁ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ የሳቸው ብርጭቆ አረፋው ጠፍቶ ዝም ብሏል። አንደኛው ጓደኛቸው «ድፉትና አዲስ ይቀዳልዎ» አላቸው። ጋሼ አልሰሙትም። ተንፍሷል የሚሉትን ያንን ቢራ አንስተው፣ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት።